ስሟን ለምትጠይቁኝ ሰዎች

ሰሞኑን ደግሞ ሌላ ጥሪ ደረሰኝ። በመጪው ወር ሰቆጣ ላይ ስለ መረጃ ደኅንነትና ስለ ግል ምስጢር አጠባበቅ ትልቅ ጉባኤ አለ፤ ከዚያ ቀጥሎ በየወረዳው የግንዛቤ ማስጨበጫ መድረክ ይዘጋጃል፤ እኔም "የቀድሞ የስልክ ባለሙያ" ተብዬ ልምዴን እንዳካፍል ተጠይቄአለሁ። ልምድ አካፍዪ ሲሉኝ ምን ማለታቸው እንደሆነ አሁን ገብቶኛል። የሰው ገመና አምጪልን ማለታቸው ነው። ስም ጨምረሽበት፣ አገር ጠቅሰሽበት፣ አዳራሹን እንዲያስለቅስ አድርገሽ አውጪው ማለታቸው ነው።

እንግዲህ ቁርጡን ከመነሻው ልናገር። ከዚህ ጽሑፍ ውስጥ የልጅቱን ስም የምትፈልጉ ካላችሁ ወረቀቱን አሁኑኑ አስቀምጡት። መንደሯን አልጠራም፤ የተሰደደችበትን ከተማ ቀይሬዋለሁ፤ የእናቷንም መልክ አልገልጽም። የራሴን ስም ግን እንካችሁ። ዝናሽ እባላለሁ። ሰቆጣ ገብታችሁ "እትዬ ዝናሽ ስልኳ" ብላችሁ ብትጠይቁ ቤቴን የማያሳያችሁ የለም።

ሥራውን የተማርኩት ደሴ ነው። መጀመሪያ የተመደብኩበትን ከተማ ስም እለፉልኝ፤ እዚያ ያሉ ሰዎች ዛሬም በሕይወት አሉ። ምክንያቱን ለማወቅ ግን የማዞሪያውን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ማዞሪያ ማለት ያኔ ፊቱ ላይ ትንንሽ የብረት ክዳኖች የተደረደሩበት የእንጨት ሳጥን ነው። ደንበኛ ሲደውል አንዱ ክዳን ጠብ ይላል። ገመዱን ትሰኪና "አቤት፣ የት ልስጥዎት?" ትያለሽ። ሌላውን ገመድ በተፈለገው ቀዳዳ ሰክተሽ እጀታውን ታዞሪያለሽ። ሁለቱ ሰዎች "ሃሎ" ከተባባሉ ሥራሽ አልቋል። ነገር ግን ከፊት ለፊትሽ አንዲት ቁልፍ አለች። ወደ ራስሽ ሳብ ስታደርጊያት የሁለቱም ድምፅ ጆሮሽ ውስጥ ይገባል፤ ገፋ ስታደርጊያት ይጠፋል። መስመሩ መቋረጥ አለመቋረጡን ለማወቅ አልፎ አልፎ መክፈት ግድ ነው። የዚህ ሥራ ክብሩም ውርደቱም እዚያች ቁልፍ ላይ ነበር።

የመጀመሪያው መሥሪያ ቤቴ ቁልፏ ከተከፈተች የማትዘጋበት ቤት ነበር። ማን ከማን እንደተጣላ፣ የማን ልጅ ፈተና እንደወደቀች፣ የማን ባል ሌላ ጎጆ እንደወጣ እኛ ከባለቤቶቹ ቀድመን እንሰማ ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ እየተሳሳቅን እናወጋዋለን። ኃላፊያችንም አብሮን ይስቅ ነበር። ደሞዙ ከወር ወር አያደርስም፤ ወሬው ግን ሞልቶ ይፈሳል።

በሰማንያዎቹ አጋማሽ፣ ጦርነቱ ካለፈ በኋላ፣ ወደ ሰቆጣ ተዛወርኩ። ጓደኞቼ ምን አጥፍተሽ ነው አሉኝ። ምንም አላጠፋሁም፤ አገሬ ነው። በእናቴ ቋንቋ፣ በአገውኛ፣ "አቤት" የምልበት ማዞሪያ ማግኘቴ ደስ አሰኝቶኝ ነው የሄድኩት።

ሰቆጣ ስልክ ቤት ያገኘሁት ሰው አያ ሞላ ይባል ነበር። ረጅም፣ ደረቅ፣ ሳቁን ለበዓል የሚያስቀምጥ ዓይነት ሰው ነው። እስከዚያ ድረስ ማዞሪያውን ብቻውን ነበር የሚሠራው። በመጀመሪያው ቀን አጠገቤ ቆሞ ስሠራ አየኝ። ሁለት ሰዎች አገናኝቼ፣ ትንሽ ቆይቼ፣ መስመሩን ላጣራ ቁልፏን ሳብ ሳደርግ እጄን ያዘኝ።

"ሳትስዪ ነው የገባሽው" አለኝ።

"ጉንፋን የለብኝም እኮ አያ ሞላ።"

"ሰው ቤት ስትገቢ 'ቤቶች' አትዪም? ይሄም ሰው ቤት ነው።"

እሱ ቁልፏን ከመክፈቱ ጋር አብሮ ጉሮሮውን ይጠርጋል። መስመሩ ላይ ያሉት ሁለት ሰዎች ሦስተኛ ጆሮ መምጣቱን አውቀው ዝም ይላሉ። "ይሰማማሉ?" ይላል፤ "አዎ" ሲሉት ወዲያው ይዘጋል። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አያቆይም፤ አንገቱ ላይ ያንጠለጥለዋል። ያ ሳል በከተማው ይታወቅ ነበር። ሰዎች መንገድ ላይ ሲያገኙት እየሳሉ ይቀልዱበታል፤ እሱ ግን እንደ ሰላምታ ቆጥሮ አንገቱን ዝቅ ያደርግላቸዋል።

ሌላው ጣጣ የደንበኛው ጩኸት ነበር። የኛ ሰው ስልክ ሲያወራ ድምፁን ከመንገዱ ርዝመት ጋር ያመዛዝናል። ወልድያ ከሆነ መለስተኛ ጩኸት፣ አዲስ አበባ ከሆነ ከፍ ያለ፣ ጅዳ ከሆነ የአንገት ሥር እስኪገታተር። ካቢኑ ሳንቃ ስለሆነ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ቃል በቃል ይሰማል። አያ ሞላ የገዛ ጋቢውን አምጥቶ በካቢኑ በር ላይ ሰቀለ። እሱም አልበቃ ሲል መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ሬዲዮ አስቀመጠና ድምፁን ለቀቀው። አንድ ኃላፊ ባትሪ ታባክናለህ ብሎ ተቆጥቶት ያውቃል። ባትሪውን ከኪሱ መግዛት ጀመረ እንጂ ሬዲዮውን አልዘጋም። አሮጊቶች ሲመጡ ደግሞ ካቢኑ ድረስ ይሸኛቸውና "እናቴ፣ የሚጮኸው ሽቦው ነው፤ እርስዎ ቀስ ብለው ያውሩ" ይላቸዋል። ደስ ይላቸዋል፤ ከዚያ ገብተው ይጮኻሉ።

በዚያ ዘመን የከተማው ባለጊዜ የነበረ አንድ ሰው መጣ። ሚስቱ ከማን ጋር ስልክ እንደምታወራ ሊጠይቅ ነው። ቆፍጠን ብሎ ማዞሪያው አጠገብ ቆመ። እኔ ፈርቻለሁ፤ ለምን እዋሻለሁ። አያ ሞላ ተነሥቶ ማዳመጫውን ከአንገቱ አወለቀና ወንበሩን ጠቆመው።

"ይቀመጡና ይስሙ" አለው። "ነገ ደግሞ ሌላ ሰው እዚሁ ተቀምጦ የእርስዎን ይሰማል። ደንቡ ለሁሉም አንድ ነው።"

ሰውዬው ወንበሩን አየው፣ እኔን አየኝ፣ ማዳመጫውን አየው። ሳይቀመጥ ወጣ። ከዚያ ወዲህ እሱ ራሱ ስልክ ሲያወራ በጣም ቀስ ብሎ ነበር።

አሁን ወደ ልጅቱ ልግባ።

ያኔ በየቤቱ ስልክ የለም። ከሩቅ የሚደውል ሰው አስቀድሞ ለእኛ ይደውልና "በመጪው ገበያ ቀን እናቴን አቅርቡልኝ" ይላል። በገበያ ቀን ተላላኪያችን ታደለ ወደ ገበያ ይወርዳል። ታደለ ድምፁ ከጫፍ ጫፍ የሚሰማ ጎልማሳ ነው። መካከል ላይ ይቆምና የተፈላጊውን ስምና መንደር ይጣራል፤ "ስልክ አለሽ!" ይላል። የተጠራችው ሴት እህሏን ለጎረቤቷ አደራ ብላ ነጠላዋን አስተካክላ ስትነሣ ገበያው ሁሉ ያያታል። በስልክ መፈለግ ማዕረግ ነበር። ሳይጠሩ የዋሉት ቅናት ይይዛቸዋል።

ከሩቅ ገጠር የምትመጣ አንዲት እናት ነበረች። ልጇን ጡት ሳታወጣ ድረዋት፣ ልጅቱ ከባሏ ቤት ጠፍታ ሄዳ ነበር። የባልየው ወገኖች ውርደት አድርገው ያዙት፤ ካገኘናት አንለቃትም ይላሉ። ልጅቱ ኮምቦልቻ ገባች ልበል፤ ኮምቦልቻ ግን አልነበረም። ከዚያ ሆና አልፎ አልፎ እናቷን በእኛ በኩል ታገኛለች። መጀመሪያ የምሰማት እኔ ነኝ፤ "እናቴን አቅርቡልኝ" ትላለች፣ ትንሽ ጎርነን ባለ፣ የመጨረሻውን ቃል በሚጎትት ድምፅ። ፊቷን አይቼው አላውቅም።

መንደር ውስጥ ግን ልጅቱ ሞታለች ተብሎ ይወራል። ሞታለች የማይለው ደግሞ የባሰ ነገር ይላል። እናትየዋ በዚህ ትቃጠል ነበር። አንድ ቀን ታደለን በር ላይ ይዛ ለመነችው፤ ይህን ታደለ ራሱ ነው ኋላ የነገረን።

"ታዴ ልጄ" አለችው፣ "እንግዲህ ስትጣራ የኔን ስም ብቻ አትጥራ። ልጅሽ ከእንዲህ ያለ አገር ትደውላለች በልልኝ። ሞታለች የሚሉኝ ይስሙት። አፋቸውን ይያዙ።"

እናት ለምናው እንዴት እምቢ ይበል? በቀጣዩ ገበያ ቀን መሀል ላይ ቆሞ ስሟን ጠራ። "ልጅሽ ከኮምቦልቻ ትደውልልሻለች!" አለ። ለእሷ ያደላ መስሎት የከተማውን ስም ደገመው። እናትየዋ አንገቷን ቀና አድርጋ በገበያው መካከል ሰንጥቃ መጣች። ያን ቀን ካቢን ውስጥ ገብታ ስትስቅ ትዝ ይለኛል። እሷ ስትስቅ አይቼ የማላውቅ ነኝ፤ ደስ አለኝ።

የባልየው ወገኖችም ገበያ ውለው ነበር።

የዋግ ሰው ከተማ ሲገባ ተጠጋግቶ ነው የሚኖረው፤ አንዱን ያገኘ ሌላውን ለማግኘት አይቸገርም። ሄዱ፤ ከምትሠራበት ቤት አወጧት፤ አስገድደው ጭነት መኪና ላይ ጫኗት። መንገድ ላይ ኬላ ደርሶ መኪናው ሲቆም ልጅቱ ጮኸች፤ ሰው ተረባርቦ አስወረዳት። ከዚያ በኋላ የት እንደገባች ማንም አላወቀም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ራሷ ደወለች። ያን ቀን ማዞሪያው ላይ አያ ሞላ ነበር። "እናቴን አታቅርቡልኝ" አለችው። "ደህና ናት ብቻ በሉልኝ። ከየት እንደደወልኩ ግን ለሷም እንዳትነግሯት።"

አያ ሞላ ይህንኑ ለእናትየዋ ነገራት። "ከየት ነው የደወለችው?" አለችው። "አላውቅም እናቴ" አላት። ያውቅ ነበር። ገመዱን የሰካው እሱ ነው።

ከዚያ ወዲያ ልጅቱ ለዓመታት ዝም አለች። እናትየዋ በየገበያ ቀኑ እየመጣች ከበሩ ውጭ ትቀመጣለች። "አልደወለችም?" ትላለች። "አልደወለችም" እንላታለን። እኔ አንጀቴ እያረረ አንድ ቀን አያ ሞላን ተጣላሁት። "አንተ ሰው፣ ልብ የለህም? እናቷ ናት! ሄዳ ትፈልጋት!" አልኩት።

"ከተማውን መጀመሪያ ማን እንዳወጣው ረሳሽ?" አለኝ። "እናትየዋም እኮ ልጇን ወዳ ነው። ቃሉ የልጅቱ ነው ዝናሽ። አንሰጥም።"

ለሳምንት ያህል አላናገርኩትም። ልክ መሆኑ ነበር ያናደደኝ።

ጥፋቱ የማን ነው የሚለኝ ሰው አለ። የኔ ነው ብዬ ደረቴን አልደቃም፤ የእናትየዋም አልል። ሰውን እንደ አውሬ የሚያድኑት ናቸው ጥፋተኞቹ፤ ያንን ማድበስበስ አልወድም። ግን ደግሞ እኛ ሽቦውን በሳልና በጋቢ፣ በሬዲዮም ስንጠብቅ ገበያው ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር። ምስጢሩ የወጣው ማንም ሰው ጠላት ሆኖ ሳይሆን አንዲት እናት በልጇ ልትኮራ ስለፈለገች ነው። ይህን ያህል ቀላል ነገር መሆኑ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ታደለ አልቅሶ ሥራውን እለቃለሁ አለ። አያ ሞላ አልለቀቀውም፤ ሌላ ዘዴ አመጣለት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ታደለ ገበያ ወርዶ መጣራት ተወ። ስልክ ያላት ሴት ወደተቀመጠችበት ይሄድና የገብሱን ወይም የማሩን ዋጋ ይጠይቃታል። ትነግረዋለች። "ውድ ነው" ይልና ሳይገዛ ይሄዳል። ሴትዮዋ ገብቷታል፤ ጊዜዋን ጠብቃ ቀስ ብላ ትመጣለች። ከየት እንደሆነና ማን እንደሆነ ካቢን ገብታ ነው የምትሰማው። ስልክ ባይኖርም ታደለ በየመደቡ እየዞረ ዋጋ ይጠይቅ ነበር፤ የተፈለገችውና ያልተፈለገችው እንዳትለይ ነው። ሰቆጣ ገበያ ላይ እንደሱ ዋጋ የሚጠይቅ፣ እንደሱም የማይገዛ ሰው አልታየም። ቆጥቋጣ የሚል ስም ወጣለት። ሚስቱ ሳትቀር ትቆጣው ነበር፤ ምክንያቱን ግን ለሷም አልነገራትም።

አውቶማቲክ ስልክ ሲገባ ማዞሪያው ተነቀለ። እኔን ሂሳብ መክፈያ መስኮት ላይ አስቀመጡኝ። አያ ሞላ ሞባይል ከተማችን ሳይደርስ ዐረፈ። እኔም ሚሊኒየሙን ካከበርን በኋላ ጡረታ ወጣሁ፤ የጡረታው ወረቀት ራሱን የቻለ መከራ ነበር፤ አልፏል።

ጡረታ በወጣሁ ሰሞን አምደወርቅ ዘመድ ልጠይቅ ሄጄ "ቤቶች" ብዬ አንዲት ሱቅ ገባሁ። ባለሱቋ ከደንበኛ ጋር ስታወራ ሰማሁና እግሬ ቆመ። ጎርነን ያለ፣ የመጨረሻውን ቃል የሚጎትት ድምፅ። ደንበኛው ሲወጣ "እትዬ ዝናሽ ስልኳ ነዎት አይደል?" አለችኝ። እሷም "አቤት" የሚላትን ድምፄን አልረሳችውም። ከብዙ አገር ዞራ ተመልሳ ነበር። እናቷን ከመሞቷ በፊት አግኝታታለች። አግብታ ወልዳለች። ባሏም ልጆቿም የድሮውን አያውቁም፤ የመጀመሪያው ባል ወገኖች ደግሞ አሁንም በቅርብ አሉ፤ ቂማቸውም አልበረደም። "አደራ" አለችኝ፤ ሌላ ነገር አልጨመረችም። ሱቋ አምደወርቅ ነው ያልኩት ደግሞ ስለሆነ ላይሆን ይችላል፤ ባለሱቅ ናት ማለቴም እንዲሁ።

ከዚያ ነው ዳዊት የመጣው። ዳዊት መድረኮቹን የሚያዘጋጅ፣ ከከተማ የመጣ ወጣት አሠልጣኝ ነው። ክፉ ልጅ አይደለም። የይለፍ ቃል ምን እንደሆነ ያስተማረኝ እሱ ነው፤ የልጄ ስም ላይ የልደት ዓመቱን መጨመር ሞኝነት መሆኑንም። የሴቶች ልጆች ፎቶ ከሞባይል ሞባይል በብሉቱዝ እየተላለፈ ምን እንደሚያደርስባቸውም የነገረኝ እሱ ነው። የልጅቱን ታሪክ አንድ ቦታ ሰምቶ ኖሯል። በገበያ ቀን ብዙ ስም ይጠራ ስለነበር ማን እንደነበረች ከባለጉዳዮቹ በቀር ያስታወሰ አልነበረም።

"እትዬ፣ ስሟንና አገሯን ይንገሩኝ" አለኝ። "ብትገኝማ ራሷ መድረክ ላይ ብትወጣ።"

"አልናገርም።"

"እትዬ፣ ስም የሌለው ታሪክ ሰው ተረት ነው የሚለው። አሁን እየተጎዱ ያሉ ልጆች አሉ። ሰው ካላመነ አይጠነቀቅም።"

እውነቱን ነው፤ ሰው ስም ሲሰማ ነው የሚደነግጠው። ቢሆንም አንዷን ለማዳን ሌላዋን መሸጥ አልተማርኩም። ታሪኩን ብቻ እናገራለሁ ብዬ ተስማማን። ከዚያ ወዲህ በብዙ አዳራሽ ተናግሬአለሁ፤ በየአዳራሹም ብድግ ብሎ ስሟን የሚጠይቅ አይጠፋም፤ ይሄኛውን አምደወርቅ ልበለው።

አዳራሹ ጢም ብሏል። መምህራን፣ ነጋዴዎች፣ የቀበሌ ሰዎች፣ ቄሶችም ነበሩ። ግድግዳው ላይ "የግል መረጃዎ የግልዎ ነው" ተብሎ ተለጥፏል። እሷም መጥታለች፤ ነጋዴ ሁሉ ተጠርቶ ስለነበር ብትቀር ትታወቃለች። ከጓደኞቿ ጋር ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች። ላያት አልፈለግሁም፤ ከበላይዋ ያለውን መስኮት እያየሁ ተናገርኩ። ስለ ገበያው፣ ስለ ጥሪው፣ ስለ ጭነት መኪናው፣ በር ላይ ስለምትቀመጠው እናት። አንዳንዱ ዓይኑን ጠረገ።

እንደጨረስኩ ከኋላ አንድ ሰውዬ ተነሣ። "ማን ናት? የማን ልጅ ናት? ይነገረን እንጂ!" አለ። ሌላው "ሞታለች ወይስ አለች?" አለ። ጉምጉምታው ከፍ አለ። ዳዊት ወደኔ ጠጋ ብሎ "የወረዳዋን ስም ብቻ" አለኝ በሹክሹክታ። ደሜ ፈላ።

"ስሟን ማወቅ የምትፈልጉ እጃችሁን አውጡ!" አልኩ በድምፅ ማጉያው።

አዳራሹ በእጅ ተሞላ። ቄሱ፣ መምህሩ፣ ቅድም ዓይናቸውን ሲጠርጉ የነበሩት ሴቶች ሁሉ አወጡ። ያኔ ነው ምን እንዳደረግሁ የገባኝ። በእሷ ረድፍ ላይ እጇን ያላወጣች እሷ ብቻ ናት። እጆቿ ጉልበቷ ላይ ናቸው። አጠገቧ ያለችው ነጋዴ ዞር ብላ አየቻት፤ "አንቺስ ምነው?" ስትላት ከከንፈሯ አነበብኩት።

እሷ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰች። እጇን ከሁሉም በላይ ከፍ አድርጋ አወጣች፤ አልበቃ ብሏት ብድግ አለች።

"ይንገሩን እንጂ እትዬ፣ ማን ናት?" አለችኝ፣ አዳራሹ ሁሉ እየሰማ፣ የመጨረሻውን ቃል እየጎተተች።

ዓይኗን አየሁት፤ አልሸሸችም።

"ላንቺም አልነግርሽም" አልኳት። "ተቀመጪ!"